ስልክሽን ሳይሰበስቡ

ረድኤት፣ ስልክሽን ሳይሰበስቡ ይህን ስሚልኝ፤
ድምፄ ቢያንስ አትፍረጂ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ።
እመቤቲቱ ተኝታለች፣ ማቀዝቀዣው ያንኮራፋል፤
ሶሃር በነሐሴ እንኳን ሰውን፣ ባሕሩንም ያልበዋል።

ዛሬ ሃይሰም ሄደ፤ በአራት ወሩ የተቀበልሁት፣
አንቺን ለእህቴ ትቼ በጀርባዬ ያሳደግሁት።
እሱም እንዳንቺ መኮንን ሊሆን፤ አየሽልኝ ይሄን ሳምንት?
አንዱን በእጄ ሸኘሁ፣ አንዷን በስልክ መስታወት።

አባቱ ሳሎን አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ መከረው፤
ሻይ ሳመላልስ የያዝሁት «ስማችንን አደራ» ያለውን ነው።
እናቱ ምንም አላለች። ሻንጣውን ከፍታ ዘጋች፣
ከፍታ ዘጋች፣ ካልሲ ቆጠረች፤
አሥራ ሁለት ጥንድ። ደግማ፣ አሥራ ሁለት አለች።

በመጨረሻ ወደ ማድቤት መጣ፤ አዲሱ ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል።
«አንቺስ? አንቺ ምን ትይኛለሽ?»
አፌ ተያዘ።
ረድኤት፣ የእኔ ዓረብኛ እኮ ከላይ እስከ ታች ትእዛዝ ነው፦
ነይ፣ ሂጂ፣ እጠቢ፣ ቶሎ፣ ዝጊው።
በአሥራ ስምንት ዓመት የምክር ቃል ማን አስተማረኝ?
ማን ቁጭ ብሎ ነገረኝ?

«ብላ» አልሁት በዓረብኛ። የቀረውን በአማርኛ ለቀቅሁት፤
ጫማ ጫማውን እያየሁ፣ በማይገባው ቋንቋ መከርሁት።
ጨርሼ ዝም ስል ራሱን ነቀነቀና «እሺ» አለኝ፤
በአንድ ዓመቱ ከአፌ የለቀማትን ቃል መልሶ ሰጠኝ።

ያ ምክር ግን የአንቺ ነበር፤ ለሱ ተዋስሁለት እንጂ፤
አሁን ለባለቤቱ ልመልስ። ስሚ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ።

ጫማሽን አንድ ቁጥር ጨምሪ፤ እግር በሰልፍ ያብጣል፤
ካልሲሽን ገልብጠሽ ልበሺው፣ ስፌቱ ጣት ይልጣል።
የሱሪሽን መስመር ስትተኩሺ ጨርቁን አርጥቢ፣ አትጎትቺ፤
ተጫኚና እስከ አራት ቁጠሪ፤ ከዚያ ካውያውን አንሺ።
ይሄንን እንኳ ማንም አባት ከእኔ አስበልጦ አያውቅም፤
ትናንት ስድስት ሱሪ ተኮስሁለት፣ ያንቺን አንዱን አልነካሁም።

ሌሊት ማልቀስሽ አይቀርም። በትራስ አይሁን፤ ትራስ ያሳብቃል።
መታጠቢያ ቤት፣ ቧንቧ ከፍተሽ፤ ውሃ ምስጢር ይጠብቃል።
ከማን እንደተማርሁት አትጠይቂኝ።

ስለ ትእዛዝ የሚነግርሽ አለቃ ሞልቷል፤ እኔን ግን አንዴ አድምጪኝ፤
ደወል ሲጮህ፣ ገና ሳልነቃ፣ በእግሬ የምቆም ሴት ነኝ።
ሲጮሁብሽ ልብሱ ላይ ነው፤ አንቺ ከልብሱ ውስጥ ዝም በይ።
ሩጪ ሲሉሽ ሩጪ፤ ቁሚ ሲሉሽም፣ ቁሚ።

ግን አንድ ቀን እዚህ ቤት ወርቅ ጠፋ።
እመቤቲቱ ጠርታ፣ «የኩማሪን ሻንጣ በርብሪ» አለችኝ፤
ከስሪላንካ የመጣች፣ አንድ ክፍል አብራኝ የምታድር ልጅ፣
በሯ ላይ ቆማ እያየችኝ።
እጄ ታዘዘ። በረበርሁ። ምንም አልነበረም፤
ሁለት ቀሚስ፣ የልጇ ፎቶ፣ ማበጠሪያ።
ወርቁ በማግስቱ ከመኪናው ወንበር ሥር ተገኘ።
ኩማሪ አልተቆጣችም። መብራት አጠፋችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።
ሰባት ዓመቱ ነው፤
እጄ እስከዛሬ የዚያን ቀሚስ እጥፋት ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ቀን ለአንቺም ይመጣል፤
የምትይዢውም ብረት ከእኔ ካውያ ይከብዳል።
ያን ቀን፣ ልጄ፣ እጅሽ ከአንቺ ቀድሞ እንዳይታዘዝ።
የሚመጣብሽን አላውቅም። ይቅጡሽ፣ ያባርሩሽ፤
እህቴ ቤት አልጋሽ አልተነሣም።

«ስማችንን አደራ» አልልሽም፤
ስማችን ቀላል ነው፣ አያጎብጥሽም።
ሌላ ምን ነበር... አዎ፤
ብይ።

ላክሁት።
አንዲት ግራጫ ምልክት ወጣች፤ ሁለተኛዋ አልመጣችም።
ማጠቢያው ጨርሶ ጮኸ፤
ቆሜያለሁ።